ላጋው ሲሞላ ማን ይጠየቃል? የመንገድ ነገር የእኛም ነገር ነው

በዚህ እትም ይዘን የቀረብነው ስለ መንገድ ነው። “ራሽኑ ተቆርጦ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ባዶ ሆዱን እየሄደ፣ ደግሞ ስለ መንገድ ምን ይወራል?” የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። እውነት አላችሁ። ግን እስቲ ትንሽ ታገሱን። የራሽኑም ዋጋ፣ የመድኃኒቱም መድረስ፣ የልጁም ትምህርት መጨረሻው እዚያው መንገድ ላይ መሆኑን አብረን እናየዋለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው የዝናብ ወራት አንድ ማታ በብሎካችን የምትኖር አንዲት እህታችን ምጥ ያዛት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም ይሆናል። ባሏ ሮጦ ሞተር ጠራ። ሞተር ነጂው የአካባቢው የቱርካና ልጅ ነው፤ ሳያንገራግር መጣ። እሷን መሃል አስቀምጠው፣ አንዲት ጎረቤት ከኋላ ደግፋት ወጡ። ላጋው ጋ ሲደርሱ ግን ውሃው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ዛፍ እያንከባለለ ይወርዳል። እኛ ካለንበት ሰፈር አንዲት ጠብታ ዝናብ አልነበረም። ዝናቡ የጣለው ከምዕራብ በኩል ከሩቅ ተራሮች ላይ ነው፤ እዚህ የደረሰን ጎርፉ ብቻ ነበር።

እኛም ጩኸቱን ሰምተን ወጣን። “ሙዋሊሙ፣ ማጂ ሚንጊ” አለን ሞተር ነጂው። ውሃው ብዙ ነው ማለቱ ነው። ስልክ ተደወለ፤ አምቡላንሱም ከወዲያ ማዶ መጥቶ መብራቱን አብርቶ ቆመ። መብራቱ ይታየናል፤ ሹፌሩ ሲጣራ ድምፁ ሁሉ ይሰማናል። በመካከላችን ያለው ርቀት ከአንድ የኳስ ሜዳ አይበልጥም። እናቶች ነጠላ ዘርግተው ከበቧት፤ እኛ ወንዶቹ ደግሞ ዳር ላይ ቆመን ውሃውን በባትሪ እያየን ጠበቅን። ሊነጋጋ ሲል ጎደለ። በቃሬዛ ተሸክመን አሻገርናት። እናትየው ተረፈች። ልጁ ግን አልተረፈም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ ባልየው ቡና እየቀዳልን እንዲህ አለን፡- “እንግዲህ ውሃ ነው መምህር። ውሃን ማን ይከሰዋል?”

የምንመልሰው አልነበረንም። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ነገሩ አለቀቀንም። እውነት ነው፣ ውሃ አይከሰስም። ድልድይ ግን ውሃ አይደለም። ድልድይ በጀት አለው፣ ፕላን አለው፣ የሚፈርምበት ሰው አለው። ታዲያ የሚፈርመው ማን ነው? የሚጠይቀውስ? ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን ይኸው ጥያቄ ነው።

የአንድ መንገድ ታሪክ

ካኩማ የምትገኘው በኬንያ ሰሜን ምዕራብ፣ በቱርካና ካውንቲ ነው። ካምፑ የተቋቋመው በ1992 ሲሆን በመጀመሪያ የመጡት ከሱዳን ጦርነት በእግራቸው የተሰደዱ ልጆች ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ በ1993 ሞያሌ አካባቢ ከነበረው ከዋልዳ ካምፕ ወገኖቻችን በመኪና ተጭነው መጡ። ያኔ የመጡት ሽማግሌዎቻችን ስለዚያ ጉዞ ሲያወሩ ዛሬም አቧራውን የሚያራግፉ ይመስላሉ።

ከኪታሌ ተነስቶ በሎድዋር አድርጎ፣ ካኩማን አቋርጦ፣ ሎኪቾጊዮን አልፎ ደቡብ ሱዳን ድንበር ናዳፓል የሚደርሰው መንገድ ኤ-አንድ ይባላል። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ያለው ዋና መንገድ ይኸው አንዱ ነው። ወደ ሎድዋር ያለው አስፋልት በ1980ዎቹ በኖርዌይ መንግሥት እርዳታ የተሠራ ነበር። በ1990 ግን ኬንያና ኖርዌይ በፖለቲካ ተጣልተው ግንኙነታቸውን አቋረጡ፤ እርዳታውም አብሮ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያ አስፋልት ጠጋኝ አጣ። ዝናብ በላው፣ ከባድ መኪና ፈለጠው። ውሎ አድሮ ሹፌሮች አስፋልቱን ትተው ከጎኑ ባለው አሸዋ ላይ መንዳት ጀመሩ። ጉድጓድ የሞላበት አስፋልት ከኮረኮንች ይብሳልና።

በእነዚያ ዓመታት ሎኪቾጊዮ ትልቅ ስም ነበራት። በ1989 ለደቡብ ሱዳን ሕዝብ እርዳታ የሚያደርስ ሰፊ ዘመቻ ተጀምሮ የእህል አውሮፕላኖች ከዚያ ይነሱ ነበር። በምድር የሚሄደው መኪና ግን ሽፍታን በመፍራት በፖሊስ አጀብ ነበር የሚንቀሳቀሰው። “ኮንቮይ መጣ”፣ “ኮንቮይ አመለጠን” ሲባል የማያስታውስ ነባር ሰው የለም። ኮንቮይ ያመለጠው ሰው የሪፈራል ወረቀቱን ይዞ ሌላ ቀን ይጠብቃል። ከካኩማ ሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህች ርቀት ግማሽ ቀን ማለቅ የተለመደ ነበር።

“ወደ ኬንያ እሄዳለሁ”

የአካባቢው ሰው ወደ ኪታሌ ወይም ወደ ናይሮቢ ሲነሳ “ወደ ኬንያ እሄዳለሁ” ይላል። እኛ መጀመሪያ ስንሰማው ስቀን ነበር። እነሱ እኮ ዜጎች ናቸው! ቆይተን ስንረዳው ግን የሚያስቅ አልሆነም። አገሩ ነፃ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1965 የወጣ አንድ የመንግሥት ሰነድ የልማት ገንዘብ ብዙ ምርት በሚያስገኝ አካባቢ ላይ ቢውል ይሻላል የሚል አቅጣጫ ይዞ ነበር። ዝናብ ያለበት፣ ባቡር ያለፈበት ደጋ አገር መንገድና ፋብሪካ አገኘ። ከብትና ግመል የሚያረባው ቆላ ሰሜን ግን ወደ ኋላ ቀረ። መንገድ ስለሌለ ምርት የለም ተባለ፤ ምርት ስለሌለ መንገድ አያስፈልግም ተባለ። ዶሮዋ ትቅደም እንቁላሉ እንደሚባለው ክርክር ማለት ነው።

የሰሜኑ መሪዎች ዛሬም ድረስ የሚያነሱት ክርክር ከዚህ ይጀምራል። በ2010 የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት ሥልጣንን ለካውንቲዎች አከፋፈለ፤ በ2013 የመጀመሪያዎቹ የካውንቲ አስተዳዳሪዎች፣ ገቨርነር የሚባሉት፣ ተመረጡ። ሕገ መንግሥቱ ለተጎዱ አካባቢዎች ከአገሪቱ ዓመታዊ ገቢ ግማሽ በመቶ ለውሃ፣ ለመንገድ፣ ለጤናና ለመብራት የሚውል ልዩ ፈንድም አቋቁሟል። ቱርካና ከእነዚህ አካባቢዎች አንዷ ናት። ከዚያ ወዲህ የካውንቲው መሪዎች እንደ ቀድሞው ለምነው ሳይሆን ሕግ ጠቅሰው ነው የሚጠይቁት።

አንድ ነገር ግን እንዳንሳሳት ይሁን። ሁሉም መንገድ የካውንቲው አይደለም። እንደ ኤ-አንድ ያሉ አገር አቋራጭ መንገዶች የማዕከላዊው መንግሥት ናቸው፤ የሚያስተዳድራቸውም የብሔራዊ አውራ ጎዳናዎች ባለሥልጣን ነው። ወደ መንደር የሚያስገቡት፣ ላጋ የሚያቋርጡት ትናንሾቹ መንገዶች ደግሞ አብዛኛዎቹ በካውንቲው እጅ ናቸው። ስለዚህ ገቨርነሩ ለትልቁ መንገድ ጠያቂ ነው፤ ለትንሹ መንገድ ግን ተጠያቂ። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው አቤቱታውን የተሳሳተ በር ላይ ይዞ ይሄዳል።

የነዳጁ ዘመንና የመሪዎቹ ጥያቄ

በመጋቢት 2012 በቱርካና ደቡብ ነዳጅ ተገኘ ሲባል ብዙ ተስፋ ተዘራ። በዚያው ወር መጀመሪያ የኬንያው ፕሬዚዳንት ኪባኪ፣ የአገራችን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት መለስ ዜናዊና የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር ላሙ ላይ ተገኝተው ላፕሴት የተባለውን ትልቅ ዕቅድ አስጀምረው ነበር፤ ከላሙ ወደብ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ደቡብ ሱዳን መንገድ፣ ባቡርና የነዳጅ ቧንቧ የሚዘረጋ ዕቅድ። ባቡሩም ቧንቧውም ለእኛ አካባቢ እስካሁን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀርቷል።

ቧንቧ ስላልነበረ ድፍድፍ ነዳጁ ከሎኪቻር ወደ ሞምባሳ በቦቴ መኪና እንዲጓጓዝ ተወሰነ። የመጀመሪያዎቹ ቦቴዎች በሰኔ 2018 ተነሱ። ጥቂት ሳይቆይ ነዋሪው ወጥቶ መንገድ ዘጋባቸው። “ነዳጃችን በጥበቃ ይወጣል፣ እኛ ግን ያለ ጥበቃ እንገደላለን፤ ድርሻችንስ የታለ?” ነበር ጥያቄው። ያኔ ገቨርነር የነበሩት ጆስፋት ናኖክም ስለ ድርሻው ከፕሬዚዳንቱ ጋር በአደባባይ እስከ መጋጨት ደርሰው ነበር። በመጨረሻ ለካውንቲው 20 በመቶ፣ ለአካባቢው ማኅበረሰብ 5 በመቶ እንዲሆን ስምምነት ተደርጎ በ2019 ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የመጀመሪያው ነዳጅ ከሞምባሳ ተጫነ።

ከዚያ ምን ሆነ? በ2019 መጨረሻ የጣለው ከባድ ዝናብ መንገዱን ቆራረጠውና የነዳጁ ጭነት ቆመ። በኅዳር ወር በዌስት ፖኮት ተራራ ተንዶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ድልድዮች በጎርፍ ተወሰዱ፤ ከኪታሌ ወደ ሎድዋር ያለው መንገድም ተቋረጠ። መሪዎቹ ለዓመታት “መጀመሪያ መንገድ” ሲሉ የነበረውን ዝናቡ በአንድ ወር አስረዳላቸው። ነዳጅ ያላት አገር ነዳጁን የምታወጣበት መንገድ አጣች! እኛ ደግሞ ካምፕ ውስጥ ሆነን ሽንኩርትና ቲማቲም ከሱቅ ሲጠፋ ነበር የሰማነው። ሽንኩርቱ በዚያው መንገድ ነው የሚመጣው።

አስፋልቱ መጣ

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው መልስ ያላገኘ አይደለም። በ2015 የዓለም ባንክ ለኬንያ 500 ሚሊዮን ዶላር ብድር ፈቅዶ ከሎኪቻር በሎድዋርና በካኩማ አድርጎ ወደ ናዳፓል የሚሄደውን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ እንደ አዲስ ለመሥራት ተጀመረ። ከመንገዱ ጎን ለኢንተርኔት የሚሆን ገመድ እንዲቀበርም በዕቅዱ ተካቷል። ሥራው ተጓተተ፤ ዝናብ፣ የጸጥታ ችግርና የካሳ ክርክር አዘገየው። ወደ ድንበሩ ያለው የመጨረሻው ጫፍ ደግሞ ኬንያና ደቡብ ሱዳን በድንበሩ ስላልተስማሙ ሲቆም ሲነሳ ቆይቷል። ያም ሆኖ ዛሬ ከሎድዋር ወደ ካኩማ በአዲስ አስፋልት ይኬዳል። ግማሽ ቀን የነበረው መንገድ በሁለት ሰዓት ገደማ ሲያልቅ አይተናል። ለዚህ የደከሙትን ሁሉ እግዜር ይስጣቸው ማለት ይገባል።

ከእኛ መካከል በሞያሌ በኩል የገባ ሰው ይህን ለውጥ ከሌላ ቦታም ያውቀዋል። ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ድሮ በጭነት መኪና ላይ፣ ከከብት ጋር፣ ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈጅ ነበር። ከ2017 ወዲህ ግን መንገዱ ሙሉ በሙሉ አስፋልት ሆኖ አውቶቡስ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። እዚህ ሱቃችን ውስጥ የሚሸጠው ጤፍና በርበሬ በዚያ መንገድ ነው የሚመጣው። መንገዱ ከመሠራቱ በፊትና በኋላ ጤፍ የሸጠ ነጋዴ ልዩነቱን ከእኛ ይልቅ ያስረዳችኋል።

እኛም እንከፍላለን

“ይህ የዜጎች ጉዳይ ነው፤ ስደተኛ ምን አገባው?” የሚል አስተያየት ከራሳችን ሰዎች ጭምር እንሰማለን። እንግዲህ እስቲ እንደ አስተማሪ በሂሳብ እንየው።

በኬንያ ቤንዚንና ናፍጣ በተሸጠ ቁጥር ለመንገድ ጥገና የሚቆረጥ ገንዘብ አለ። ለረጅም ጊዜ በሊትር 18 ሽልንግ ነበር፤ ከሐምሌ 2024 ወዲህ 25 ሽልንግ ሆኗል። ከዚህ ውስጥ 7 ሽልንጉ ለመንገድ ተቋራጮች የቆየ ዕዳ መክፈያ እንዲሆን በ2025 ተወስኗል። እንበልና አንድ ሞተር ነጂ በቀን አራት ሊትር ያቃጥላል። 100 ሽልንግ ከፈለ ማለት ነው። መቶ ሞተሮች ቢሆኑ በቀን 10,000፣ በወር 300,000 ሽልንግ። ሞተር ነጂው ያን ገንዘብ ከየት ያመጣል? ከእኛ ነው የሚያመጣው፤ ልጇን ክሊኒክ ከምታደርሰው እናት፣ ዱቄት ከሚያስጭነው አባት። የጄኔሬተሩ ናፍጣም፣ ዕቃ የሚያመጣው አይሱዙም እንዲሁ ነው። ደረሰኝ አይሰጠንም እንጂ ለመንገድ የምንከፍል ሰዎች ነን። ይህን ሂሳብ ክፍል ውስጥ ስንሠራ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ “ታዲያ ድልድዩን የገዛነው እኛ ነን?” ብሎ ጠየቀን። “ገና አልተረከብነውም” አልነው።

በዚህ ገንዘብ ላይ ነው እንግዲህ ገቨርነሮቹና የፓርላማ አባላቱ የተጣሉት። በ2024 ለካውንቲዎች መንገድ ይውላል የተባለው 10.5 ቢሊዮን ሽልንግ ለማን ይሂድ በሚል ክርክሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ገቨርነሮቹ “የካውንቲ መንገድ የእኛ ሥራ ከሆነ ገንዘቡም አብሮ ይምጣ” ይላሉ። የፓርላማ አባላቱ ደግሞ በየምርጫ ክልላቸው መንገድ በሚሠራው መሥሪያ ቤት በኩል መውጣቱን ይመርጣሉ። ማንም ይርታ ማን፣ ሁለቱ ሲከራከሩ የሚቆየው ግን የእኛ ላጋ ነው።

በ2019 በተደረገው ቆጠራ ቱርካና 926,976 ሕዝብ ነበራት። በካኩማና በካሎቤዬ ያለነው ስደተኞች ዛሬ ወደ 300,000 እንጠጋለን። በ2018 የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ድርጅት ባወጣው ጥናት በካኩማ ካምፕና ከተማ በዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ፍጆታ እንዳለና ካምፑ ውስጥ ከ2,000 በላይ ሱቆች እንደሚገኙ ተገልጿል። የአካባቢው መሪዎች ወደ ናይሮቢ ሄደው “መንገድ ሥሩልን” ሲሉ ከሚያቀርቡት ማስረጃ አንዱ ይህ ገበያ ነው። እኛ የጥያቄያቸው አንዱ ምክንያት ከሆንን፣ የመልሱም ተካፋይ መሆን አለብን።

አስፋልት ብቻውን አያደርስም

መንገድ ሲባል አስፋልቱ ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። በመንገዱ ላይ የሚሄድ መጓጓዣ፣ መክፈል የሚቻል ዋጋ፣ ለመሄድም ፈቃድ ያስፈልጋል።

መጓጓዣውን እንመልከት። ወደ ኪታሌና ኤልዶሬት የሚሄድ አውቶቡስ አለ፤ ወደ ሎድዋር ማታቱና ትንንሽ መኪኖች አሉ። ካምፑ ውስጥ ግን በብዛት ያለው ሞተር ነው። ለጤነኛ ጎልማሳ ሞተር ጥሩ ነው። ወገቡን ለተመታ ሽማግሌ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ልጅ፣ ምጥ ለያዛት እናት ግን ሞተር መጓጓዣ አይባልም። ከካሎቤዬ እስከ ካኩማ ከተማ፣ በሆስፒታሉና በትምህርት ቤቶቹ በር የሚያልፍ፣ ሰዓት ጠብቆ የሚሄድ አንድ ሚኒባስ እንኳ ቢኖር የስንቱን ቤት ችግር ያቃልል ነበር! የግል ባለ መኪና መንገዱ ካልተስተካከለ አይገባም፤ ስፕሪንግ ይሰብርበታል። መንገዱ ከተስተካከለ ግን ገበያው ራሱ ይጠራዋል።

ፈቃዱም አለ። በ2021 የወጣውና በየካቲት 2022 ሥራ ላይ የዋለው የስደተኞች ሕግ ብዙ ጥሩ ነገር ይዟል። ነገር ግን ከተመደብንበት አካባቢ ለመውጣት ዛሬም የጉዞ ወረቀት ያስፈልገናል። አስፋልቱ ከደጃችን ያልፋል፤ እኛ ግን ወረቀቱ እስኪወጣ ቁጭ ብለን የሚያልፈውን መኪና እንቆጥራለን። በመጋቢት 2025 የኬንያ መንግሥት ሺሪካ የተባለውን ዕቅድ ሲያስጀምር ካምፖቹ ቀስ በቀስ ስደተኛውና የአካባቢው ሕዝብ አብረው አገልግሎት የሚያገኙባቸው ከተሞች ይሁኑ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ይህ ከልብ ከሆነ መንገድና መጓጓዣ የመጀመሪያው ፈተናው ነው። ነዋሪዎቹ መውጣትና መግባት የማይችሉበት ከተማ ስሙ ብቻ ነው የሚቀየረው።

አንድ ነገር ደግሞ ለወላጆች። አዲስ አስፋልት አዲስ ፍጥነት ያመጣል። ድሮ ጉድጓዱ ራሱ መኪናውን ያዘገየው ነበር። አሁን ግን ከባድ መኪና እየበረረ ያልፋል፤ ፍየሎች፣ ውሃ የሚቀዱ ልጆችና ተማሪዎች መንገዱን ያቋርጣሉ። እባካችሁ ልጆቻችሁን ግራና ቀኝ አይተው፣ ሳይሮጡ እንዲሻገሩ አስተምሯቸው። ማታ ሲወጡ ነጣ ያለ ልብስ ይልበሱ። ሞተር ላይ ከሁለት ሰው በላይ አትጫኑ፤ ነጂውንም “ቀስ በል ወንድሜ” ማለት አትፈሩ። እኛ በትምህርት ቤት እንናገራለን፤ ግን አስተማሪ ብቻውን አይበቃም።

ምን እናድርግ?

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶቻችን። ታዲያ የት ነው የሚነገረው? ካውንቲዎች በየአምስት ዓመቱ የልማት ዕቅድ፣ በየዓመቱም በጀት ያወጣሉ። ሕጉ ከዚያ በፊት ሕዝብ ተጠርቶ እንዲጠየቅ ያዛል። ለእኛ አካባቢም ካውንቲው ከዩኤንኤችሲአር ጋር ሆኖ ያወጣው የካሎቤዬ ልማት ዕቅድ አለ፤ ከ2018 ተጀምሮ አሁን ያለው ምዕራፉ እስከ 2027 ይዘልቃል። ካኩማም በቅርብ ዓመታት የማዘጋጃ ቤት ደረጃ አግኝታለች። ስብሰባ ሲጠራ ግን ከእኛ ኮሚኒቲ የሚገኘው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ግማሻችን “ሪሴትልመንት እየጠበቅኩ ምን አስጨነቀኝ” እንላለን። ስንጠብቅ ግን ልጆች ተወልደው አድገዋል። እኛ ራሳችን ስንመጣ “ለሁለት ዓመት ነው” ብለን ነበር፤ ያኔ ፊደል ያስቆጠርናቸው ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች ይዘው ይመጡልናል።

ስለዚህ የኮሚኒቲ መሪዎቻችንንና እናንተን አንባቢዎቻችንን የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ዞን ውሃ ሲሞላ የሚቆረጥበትን ቦታ ይጻፍ። የት ነው? በዝናብ ወራት ስንት ጊዜ ተዘጋ? ለስንት ሰዓት? ከማዶ ያለው ምንድን ነው፤ ሆስፒታል ነው፣ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ገበያ? “መንገዳችን መጥፎ ነው” የሚል አቤቱታ ፋይል ውስጥ ያድራል። ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ደብተር ግን መልስ ይፈልጋል። መዝጋቢ ካስፈለገ የትልቁ ክፍል ተማሪዎቻችን አሉ፤ ለትምህርታቸውም ይጠቅማቸዋል።

ሁለተኛ፣ ብቻችንን አንሂድ። ላጋው ሲሞላ የቱርካናውም እናት ከወዲህ ነው የምትቀረው። የሱዳኑ፣ የሶማሌው፣ የኮንጎው፣ የብሩንዲውም እንደዚሁ። ያን ማታ እስኪነጋ ከእኛ ጋር የቆመው የቱርካና ልጅ ነበር፤ ሂሳብም አልተቀበለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና ደብተሩን ከአካባቢው ሽማግሌዎችና ከአለቆቻቸው ጋር ሆነን እናቅርብ።

ሦስተኛ፣ የምንጠይቀው ልክ ያለው ይሁን። ለሁሉም ላጋ ትልቅ ድልድይ አይሠራም፤ ወጪው ከባድ ነው። ብዙ ቦታ ውሃው ሲጎድል መኪና የሚያሳልፍ፣ አሸዋው ላይ የተነጠፈ የሲሚንቶ መሻገሪያ ይበቃል። የእግረኛ ድልድይ የሚበቃበትም አለ። ወደ ሆስፒታል በሚወስደው ዋና መሻገሪያ ላይ ግን መኪና የሚያሻግር ከፍ ያለ ድልድይ ያስፈልጋል፤ ይህን አንድ ነገር ከሁሉ በፊት እናስቀድም። እስከዚያው ድረስ በዝናብ ወራት ከላጋው ወዲህ ማታ የሚያድር አንድ አምቡላንስና አንዲት አዋላጅ እንዲመደቡ እንጠይቅ። ይህ ሲሚንቶ አይፈልግም፤ ውሳኔ ብቻ ነው የሚፈልገው።

የአካባቢው መሪዎች በየመድረኩ ስለ መንገድ ሲጮኹ ጩኸታቸው የእኛም ጩኸት መሆኑን እንወቅ፤ እነሱም ይወቁት። ትልቁ መንገድ የመጣው ዝም ስለተባለ አይደለም፤ ለዓመታት ስለተጠየቀ ነው። ትንሹም እንዲሁ ነው የሚመጣው።

ያቺ እህታችን ዛሬ ደህና ናት። ሰሞኑን ልጆች ለመመዝገብ መጥታ ስለ ደብተሩ ስንነግራት ትንሽ ዝም አለችና “የመጀመሪያውን መስመር እኔ ላጽፋችሁ” አለች። ቀኑን ታውቀዋለች። ሰዓቱንም ታውቀዋለች። ጻፍነው። ቀጣዮቹ መስመሮች የእናንተ ናቸው።